ተሳቢው የማን ልጅ ነው?

በጅቡቲ መስመር የሚመላለስ መኪና ጋቢና ውስጥ ተቀምጦ የሚያውቅ ሰው የምለው ይገባዋል። መጋረጃው ዘርፍ አለው፣ መሪው ቆዳ ለብሷል፣ ዳሽቦርዱ ላይ ምንጣፍ ተነጥፏል። ከመስታወቱ በላይ እንደ ባለቤቱ ሃይማኖት የእመቤታችን ሥዕል ወይም በወርቅማ ቀለም የተጻፈ የቁርዓን ቃል ተሰቅሏል። ግንባሩ ላይ ባውዛ ተደርድሯል፤ ክላክሱ ዜማ ያወጣል። ባለንብረት መኪናውን ሊያይ ሲመጣ ጋቢናውን ያስገለብጣል፣ ዘይቱን በጣቱ ነክቶ ያሸታል፣ ሞተሩን አስነስቶ ጆሮውን ያዘነብላል። «ድምፁ ቆንጆ ነው» ይላል። ከዚያ ሂሳብ ጠይቆ ይሄዳል። ወደ ኋላ ዞሮ አያይም። ዐሥራ ሁለት ጎማና ሦስት አክስል ያለው፣ የስንቱ ሰው ንብረት የሚጫንበት ያ ረጅም ብረት የእንጀራ ልጅ ነው፤ ትዝ የሚለው ሲሰበር ብቻ።

ሰው ስለ ከባድ መኪና የሚያማርረውን አንድ በአንድ ስሙት። መንገድ ዘጋ ይላል። መብራት የለውም፣ ጎማው ፈንድቶ ሊጨርሰን ነበር፣ ፍሬን በጠሰ፣ ኮንቴይነር ጣለ፣ አስፋልቱን አረሰው ይላል። ከዚህ ሁሉ ከሞተር የሚመጣው ስንቱ ነው? አብዛኛው የሚመጣው ከኋላ ነው። ስድቡን የሚጠጣው ግን ፊት የተቀመጠው ሾፌር ነው። እኔም ለዓመታት ስጠጣው የኖርኩ ነኝና ዛሬ ትንሽ ልናገር።

እኛ የምንጎትተው ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ከፊትም ከኋላም የራሱ ጎማ ያለው፣ ራሱ ጭነት ከተሸከመ መኪና ኋላ በብረት ዘንግ የሚታሰረው ነው። ኤንትሬ የምንለው አሮጌው ፊያት 682 ጣርማበርን ሲወጣና ሲወርድ ያረጀው ይሄንን እየጎተተ ነው። ዛሬም ከነተሳቢው 400 ኩንታል እያልን የምንዋዋልበት እሱ ነው። ሁለተኛው ከፊቱ ጎማ የሌለው፣ ከክብደቱ ከፊሉን በጎታቹ ጀርባ ላይ የሚጥለው ሴሚ ትሬለር ነው። ይሄኛው በእኛ አቆጣጠር ጃንሆይ አልጋ ላይ ከመውጣታቸው በፊት የተገኘ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1914 ዲትሮይት ውስጥ አንድ የእንጨት ነጋዴ ጀልባውን በፎርድ መኪናው ማስጎተት ፈለገና አውጉስት ፍሩሃፍ ወደሚባል ሠረገላ ሠሪ ቀጥቃጭ ሄደ። ቀጥቃጩ ሁለት ጎማ ያለው ነገር ሠርቶ በመኪናው ላይ አስደገፈለት። ነጋዴው ወደደውና ለእንጨቱም ሌላ አሠራ። ኋላው ላይ አስቦ ገንዘብ ያወጣ የመጀመሪያው ባለንብረት ሳይሆን አይቀርም፤ አንዳንዴ የመጨረሻውም ይመስለኛል።

የሴሚው ትልቁ ጥበብ መለያየቱ ነው። ፊት ለፊት ሁለት እግር አለው። እግሮቹን በእጅ መዘውር አውርደህ፣ ቱቦዎቹን ነቅለህ፣ መቆለፊያውን ስበህ ጎታቹን ታስወጣዋለህ። አንዱ ተሳቢ መጋዘን ደጃፍ ይራገፋል፣ አንዱ ወደብ ላይ ይጫናል፣ ሦስተኛውን ጎታቹ ይዞ መንገድ ላይ ነው። ሞተርና ሾፌር ሥራ አይፈቱም። ሌላው ዓለም ሴሚ የሚገዛው ለዚህ ነው። እኛ ግን አንዱን ለአንዱ አጋባንና ፍቺ ከለከልን። ጎታቹ ከተሳቢው ጋር ተጣብቆ ሞጆ ደረቅ ወደብ በር ላይ ይቆማል፣ መጋዘን በር ላይ ይቆማል፣ ጉምሩክ ወረቀት እስኪጨርስ ይቆማል። የተሳቢው እግር ከመዛጉ የተነሳ መዘውሩን ለማዞር ሁለት ሰው ይፈልጋል። ብዙዎቹ ላይ መዘውሩ ራሱ የለም፤ ወጥቶ የሆነ ሰው ጋራዥ ውስጥ ሌላ ሥራ ተሰጥቶታል።

ወደ ኋላ ማስገባትማ ሌላ መከራ ነው። ሴሚ ወደ ግራ እንዲሄድልህ መሪውን ወደ ቀኝ ትሰብራለህ፤ ይሄ ይለመዳል። ዘንግ ያለው ተሳቢ ግን ሁለት ቦታ ይታጠፋል፤ መኪናው ከዘንጉ ጋር፣ የተሳቢው የፊት አክስል ደግሞ ከተሳቢው ጋር። ያሰብከው ሁሉ ሁለት ጊዜ ይገለበጣል። እንግዲህ ይሄንን ይዘህ ቃሊቲ አካባቢ ጠጠር የፈሰሰበት ቅያስ ውስጥ ግባ። የመጋዘኑ በር የተሠራው ለአይሱዙ ነው። በአንድ በኩል የመብራት ምሰሶ፣ በሌላው በኩል ሻይ የምትሸጥ ሴት ከነወንበሮቿ። ረዳቱ «ና! ና! ና! ግራ ስበር!» ይላል፤ ዘበኛው ደግሞ «ኧረ ቀኝ!»። አላፊ አግዳሚው ሁሉ መሐንዲስ ነው። ከኋላህ ያለው ሚኒባስ ጥሩምባውን ይነፋል፤ ዞር ብሎ በሌላ መንገድ መሄድን የመሰለ ውርደት ለሱ የለም። ቀን ከተማ አትግቡ ተብለን ያንን ሁሉ የምንሠራው በጨለማ መሆኑን ልብ በሉልኝ፤ በዚያ ላይ የተሳቢው የኋላ መብራት የለም።

ስለ መብራቱ ልናገር። ከጎታቹ ወደ ተሳቢው የሚሄድ አንድ የኤሌክትሪክ ገመድ አለ፤ ሰባት ሽቦ ይዞ የኋላ መብራቱን፣ ስቶፑን፣ ፍሬቻውን የሚያበራ። ሶኬቱ ከጊዜ በኋላ ይላላል፣ አፈር ይገባዋል፣ ጨው ይበላዋል። የአፍዴራ ጨው የጫነ ተሳቢ ሽቦው እንዴት እንደሚያረንጉድ ያየ ያውቃል። ከዚያ ረዳቱ ሽቦውን ልጦ በቀጥታ ይጠመዝዘዋል፣ በፌስታል ይጠቀልለዋል። አዋሽ አርባ ሳይደርስ ይላቀቃል። ፊት ባውዛው ሌሊቱን ቀን አስመስሎታል፤ ከኋላ የሚመጣው ግን ጥቁር ግድግዳ ነው የሚያየው። እናንተ የቤት መኪና የያዛችሁ «መብራት የሌለው ተሳቢ ስር ልገባ ነበር» ስትሉ እሰማለሁ፤ እውነታችሁን ነው። ከኋላው ዝቅ ብሎ የሚታሰረው መከላከያ ብረት ትንሽ መኪና ስሩ እንዳይሰነቀር የተሠራ ነው። እሱም ብዙ ጊዜ ተጣምሟል፤ አለዚያም ጫኝ ሲወጣበት ተሰብሮ ቀርቷል። አንጸባራቂ ወረቀት ዋጋው ስንት ነው? ከጋቢናው መጋረጃ ይረክሳል።

ከመብራቱ የሚብሰው ፍሬኑ ነው። ከጎታቹ ጀርባ ወደ ተሳቢው የሚሻገሩ ሁለት የአየር ቱቦዎች አሉ፤ ቀይና ቢጫ። ቀዩ የተሳቢውን አየር ማጠራቀሚያ ይሞላል። ቢጫው ፔዳሉን ስትረግጥ ትእዛዙን ያደርሳል። አሠራሩ ብልህ ነው፤ ቀዩ ቢበጠስ ተሳቢው ራሱ ፍሬን ይይዛል፣ አምልጦ ቁልቁል እንዳይሄድ። ግን በመጋጠሚያው ውስጥ አንዲት የላስቲክ ቀለበት አለች። ስታረጅ አየር ታሾልካለች። አዲስ በመግዛት ፈንታ ረዳቱ ከአሮጌ ካላማደሪያ በምላጭ ቆርጦ ይሠራታል። እውነቱን ለመናገር ጥሩ ባለሙያ ነው፤ ክቡን ሲያወጣ እጁ አይንቀጠቀጥም፣ ጫፉን በድንጋይ ፈግፍጎ በምራቁ አርሶ ያስገባታል። ሌሊቱን ሙሉ ግን ስትተነፍስ ታድራለች። ጠዋት አየር እስኪሞላ ሞተር ቆሞ ይሠራል፤ ናፍጣው ይቃጠላል። የዚያ ናፍጣ ዋጋ በሳምንት ውስጥ ስንት ቀለበት እንደሚገዛ ለባለንብረቱ አስልቼ ነግሬዋለሁ። «እስቲ ለአሁኑ በዚሁ ሂድበት» አለኝ።

ከዚያ ቻምበሩ አለ። በየጎማው አጠገብ ያለው ክብ ቆርቆሮ ማለቴ ነው፤ ውስጡ ኃይለኛ ስፕሪንግ የታመቀበት። አየር ሲያልቅ ስፕሪንጉ ተፈትቶ ፍሬኑን ይይዛል። ሲበላሽ እስከ ጋራዥ ለመድረስ ከኋላው ብሎን ይገባና ስፕሪንጉ ይታሰራል። ብሎኑ ለዚሁ የተሠራ ነው፤ ነውር የለበትም። እኛ ዘንድ ግን ብሎኑ አንዴ ከገባ ዓመት ይከርማል። ከስድስቱ ቻምበር ሁለቱ፣ ሦስቱ ታስረው ወደብ የሚመላለስ ተሳቢ አለ። ሰው ሲጠይቅ «ጎታቹ ይይዘዋል» ይባላል።

ጎታቹ ይይዘዋል! ጎሐ ጽዮን ላይ ቆሞ አባይ በረሃን ቁልቁል ያየ ሰው ይሄንን ቃል ባይሰማ ይመርጣል። ከአፋፉ እስከ ድልድዩ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ቁልቁለት ነው፤ ኩርባው ኩርባ ይወልዳል። በከባድ ማርሽ ካልወረድክና ፔዳሉን ከረገጥክ የፍሬን ሸራው ይግላል፣ ይሸታል፣ ቀጥሎ መያዙን ይተዋል። ተሳቢው በራሱ ካልያዘ ያ ሁሉ ክብደት ጎታቹን ከኋላ ይገፋዋል። ጎታቹ ኩርባ ላይ ሲይዝ ተሳቢው መግፋቱን አያቆምም፤ መጋጠሚያው ላይ ታጥፎ ጋቢናውን ከራሱ ጎን ጋር ያጋጨዋል። ያኔ መንገዱ ይዘጋል። ከላይ ሦስት ኪሎ ሜትር፣ ከታች ሦስት ኪሎ ሜትር መኪና ይሰለፋል። አውቶቡስ ውስጥ ያለው ሕፃን በሙቀት ያለቅሳል፤ ጎጃም የሚሄደው ሠርገኛ ስልክ እየደወለ ይማልዳል። ዜናው «ፍሬን በጥሶ» ይላል። ፍሬን ራሱ ተነስቶ የበጠሰ ይመስል! ማን ብሎን አስሮ እንደላከው የሚጠይቅ የለም።

እ.ኤ.አ. ከመጋቢት 1998 ጀምሮ በአሜሪካ የሚሠራ የአየር ፍሬን ተሳቢ ሁሉ ጎማ እንዳይቆለፍ የሚቆጣጠር መሣሪያ እንዲኖረው ግዴታ ሆኗል። አውሮፓም ከዚያ በፊት ጀምሮ ሲያስገድድ ቆይቷል፤ አሁን እዚያ ተሳቢው ሊገለበጥ ሲያዘነብል ራሱ አውቆ ጎማዎቹን ለየብቻ የሚይዝ ኮምፒውተር የተለመደ ነገር ነው። ከአውሮፓ አርጅቶ በመጣልን ተሳቢ ላይ እኮ ይሄ አለ። ሳጥኑ ሻንሲው ስር ተሰቅሏል። ገመዱ ግን የሚሰካበት አጥቶ ይንጠለጠላል፤ ወይም ረዳቱ ሸራ አስሮበታል። አንድ ተሳቢ ከጎኑ ቢጫ የማስጠንቀቂያ መብራት ነበረው። «ዝም ብሎ እየበራ ሾፌር ያስጨንቃል» ተብሎ አምፖሉ ተነቀለ።

ጎማ ላይ እንሂድ። ሃያ ሁለት ጎማ ነው የምንነዳው። አሥሩ የጎታቹ ነው፤ አዲስ ጎማ የሚገባው እዚያ ነው። ሲያልቅ ወደ ተሳቢው ይዘዋወራል። ተሳቢው ላይ ሲላጥ ሌላ ላስቲክ ይለጠፍበትና ይመለሳል። ያንን ይዘህ ገዋኔን፣ ሚሌን፣ ሎጊያን በእኩለ ቀን እለፍ። አፋር አስፋልቱ ራሱ ያቃጥላል። መንታ ጎማ ደግሞ አመል አለው፤ አንዱ ቢተነፍስ ከጋቢና አይታወቅም፣ ጓደኛው ብቻውን ይሸከማል፣ ይግላል፣ ሲብስ እሳት ይነሳል። ለዚህ ነው ረዳቱ በየፌርማታው ዱላ ይዞ የሚዞረው። አንድ በአንድ ይመታቸዋል፤ ደህናው ይመልስለታል፣ የተነፈሰው ዝም ይላል። አዋሽ ሰባት ላይ ሌሊት የዚያን ዱላ ድምፅ የሰማ መቼም አይረሳውም። ጎሚስታው ደግሞ ብሎኑን ሊፈታ ሲታገል «ይሄንን ጎማ ማን ነው መኪና ላይ ያሰረው?» ይለኛል። እኔ እንዴት አውቃለሁ? ለቦሎ የተዋስነው ጎማ በማግስቱ ተመልሶ፣ የራሳችን ገብቶ ነው የወጣነው።

በዚህ መካከል ሁላችሁንም የሚያስቆጣችሁን ነገር ልናገር፤ ድንጋዩን። መኪና ሲበላሽ ጎማ ስር ድንጋይ ይገባል፣ ከኋላ ደግሞ ቅጠልና ድንጋይ ይደረደራል። ሦስት ማዕዘን ምልክት የሚባል ነገር አለ፤ ታጥፎ ሳጥን ውስጥ የሚገባ። የት እንደሄደ አይታወቅም። መኪናው ሲጠገን ሾፌሩ ይነሳል፣ ድንጋዩ ይቀራል። ቅጠሉ ይደርቃል፣ ነፋስ ይወስደዋል፤ ድንጋዩ አስፋልቱ መሃል ቁጭ ብሎ የሚቀጥለውን ሰው ይጠብቃል። ይሄ ባለንብረት አይጠይቅም፣ ገንዘብ አይጠይቅም። ጎንበስ ብሎ ማንሳት ነው። እሱም ከበደን።

ኮንቴይነሩ ደግሞ የራሱ ታሪክ አለው። ማልኮም ማክሊን የሚባል አሜሪካዊ የጭነት መኪና ሰው ነበር። ጥጥ ጭኖ ወደብ ላይ ቀኑን ሙሉ ተራ ሲጠብቅ ተሰላችቶ ሐሳቡ ያኔ እንደመጣለት ራሱ ተናግሯል። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 26 ቀን 1956 አይዲያል ኤክስ በምትባል መርከብ 58 ሳጥን ከኒውዋርክ ወደ ሂዩስተን ላከ። ሳጥኑ ከተሳቢው ተነስቶ መርከብ ላይ ተቀመጠ፣ ሂዩስተን ላይ ሌላ ተሳቢ ተቀበለው። አንድ ሾፌር በመጠበቅ መሮት ዓለምን ገለበጠ። እኛ ደግሞ የእሱን ሳጥን ተሸክመን እንጠብቃለን።

ሳጥኑ በአራቱም ማዕዘን ቀዳዳ ያለው የብረት ጉንጭ አለው። ተሳቢው ላይ ደግሞ ቀዳዳው ውስጥ ገብቶ በእጅ ሩብ ዙር ሲጠመዘዝ የሚቆልፍ ብረት አለ። አራቱን ቆልፈህ ትሄዳለህ፤ ሌላ ገመድ አያስፈልግም። ባለ 40 ጫማው ሳጥን ሞልቶ 30 ቶን ሊደርስ ይችላል። አሁን ስንቱ ተሳቢ ላይ ነው አራቱም መቆለፊያ የሚሠራው? ስንዴና ብረት እንዲጭን የተሠራ ባለ ስፖንዳ ተሳቢ ስፖንዳው ተነቅሎ ኮንቴይነር ይጫንበታል፤ መቆለፊያ ከመጀመሪያውም የለውም። በሰንሰለት ይታሰራል፤ ሰንሰለት ከጠፋ በገመድ፣ ገመድ ከጠፋ «ክብደቱ ይይዘዋል» ይባላል። አደባባይ ላይ ከአጠገባችሁ ኮንቴይነር የጫነ መኪና ሲዞር ሸሸት በሉ፤ ከዚህ የተሻለ ምክር የለኝም።

አራግፈህ ጨረስክ እንበል። ባዶው ሳጥን የመርከብ ድርጅት ንብረት ነውና በጊዜው ካልተመለሰ ነጋዴው በቀን ይቀጣል። ነጋዴው ይደውላል፣ ትራንዚተሩ ይደውላል፣ ደላላው ይደውላል፤ ሦስቱም የሚጮኹት እኔ ላይ ነው። ወደ ጅቡቲ የምንወርደው በአብዛኛው ባዶ ሆነን ነው፤ የምንገዛው ከምንሸጠው ይበልጣልና። ቡና የሚጭን ዕድለኛ ነው። ሌላው አየር ጭኖ ይወርዳል፣ አየር ግን ኪራይ አይከፍልም።

ቦቴውን የሚነዱ ጓደኞቼ የሚያጉረመርሙት ሌላ ነው። ቦቴ ውስጡ በክፍል በክፍል የተከፋፈለ ነው፤ በየክፍሉ መሃል ቀዳዳ ያለው ግድግዳ አለ፣ ነዳጁ እየተናወጠ መኪናውን እንዳይወስደው። ክፍሎቹ ግማሽ ሲሆኑ ነው ጉዱ፤ ፍሬን ስትይዝ ነዳጁ አይቆምም፣ ወደፊት ሄዶ ይመታሃል፣ ኩርባ ላይ ወደ ጎን ይጥልሃል። ሁለተኛው ጉድ ጉድለት የሚባለው ነው። ነዳጅ በሙቀት ይነፋል፣ በብርድ ይሰበሰባል። የሙቀት መጠኑ በ10 ዲግሪ ሲወርድ 1000 ሊትር ናፍጣ 8 ሊትር ገደማ ያንሳል። የጅቡቲን ሙቀት ጭነህ ደጋ ላይ በጠዋት ብርድ ስታራግፍ፣ ሙቀቱን የሚያሰላው ሰው ከሌለ ጉድለቱ የሾፌሩ ሌብነት ይሆናል። የሚሰርቅ የለም አልልም። ያልሰረቀው ግን ለተፈጥሮ ሕግ ከደመወዙ ይከፍላል። ሲገለበጥማ ምን ልበላችሁ፤ ሾፌሩን ከጋቢና ከሚያወጣው ይልቅ ጄሪካን ይዞ የሚሮጠው ይበዛል። ያ ነገር በአንድ ፍንጣሪ የሚነሳ እሳት ነው፤ ግን ማን ይሰማል።

ክብር ያለው ተሳቢ ሎቤድ ብቻ ነው። ትራንስፎርመር ወይም ለግድብ የሚሆን ግዙፍ ብረት ሲጭን ፊትና ኋላው አጃቢ ይቆማል፣ የመብራት ሽቦ በእንጨት ይነሳለታል፣ ድልድዩ ይፈተሻል። አክስሉ በዝቶ፣ ጎማው በርክቶ፣ ቀስ ብሎ ይሄዳል። ሲያስቡበት ይቻላል ማለት ነው።

የጫኝና አውራጅ ነገር ሆድ ይፍጀው ብዬ ላልፈው ነበር። ግን ሴሚ ላይ ጭነት የሚቀመጥበት ቦታ ዋጋ አለው። በጣም ወደፊት ካደረግከው የጎታቹ የኋላ አክስሎች ከልክ በላይ ይሸከማሉ። በጣም ወደ ኋላ ከገፋኸው ጎታቹ ይቀልና አቀበት ላይ ጎማው መሬት አይጨብጥም፣ ዝናብ ቢጨመርበት ይንሸራተታል። ይሄንን ሳስረዳ የቡድኑ አለቃ ሰማኝ፣ ራሱን ነቀነቀ። «ጋሼ፣ እኛ የምንጭነው ከበሩ አጠገብ ጀምረን ነው» አለኝ። ዋጋውን ደግሞ እሱ ነው የሚቆርጠው፤ በራሴ ሰው ላስጭን ብትል ጠብ ነው።

ከዚያ ሚዛን ላይ ትያዛለህ። ሚዛኑ ልክ ነው፤ እሱን አልከራከርም። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ አሜሪካኖች ኢሊኖይ ውስጥ መንገድ ሠርተው ወታደር እያስነዱ ሲፈትኑ ያገኙት ነገር ነው፤ በአክስሉ ላይ ያለው ክብደት ሲጨምር የመንገዱ ጉዳት በክብደቱ ልክ አይደለም የሚጨምረው፣ በክብደቱ አራተኛ ርቢ ነው። 10 ቶን በሚሸከም አክስል ላይ 12 ቶን ብትጭንበት ጉዳቱ ሁለት እጥፍ ይሆናል። ሁለት ቶን ትርፍ ብዬ የናቅሁት መንገዱን ሁለቴ ሄጄበታለሁ ማለት ነው። በተጣመመ አስፋልት ላይ ባሌስትራችን ሲሰበር የምንራገመው የራሳችንን ትርፍ ነው። ስንመለስ ደግሞ ሸራው ስር ከሰል አለ። የማን ነው? የማንም። ኬላ ሲደርስ ብቻ የሾፌሩ ይሆናል።

ኬላ ካልኩ አይቀር፣ የተፈቀደው አለ፤ የተከለከለው ደግሞ ብዙ ነው። ሁለት ጎረምሳ መንገድ ላይ ገመድ ይዘረጋና ደረሰኝ ያለው ወይም የሌለው ገንዘብ ይቀበላል። ኬላ ይነሳል ተብሎ ስንት ጊዜ ተነገረ! ገመዱ አንድ ቀን ይጠቀለልና በሳምንቱ ትንሽ ወደዚያ ዘልቆ ይዘረጋል። ከዚያ የባሰውን፣ ሾፌር ወጥቶ የሚቀርበትን ነገር ዛሬ አላነሳውም፤ ሚስቴ ታነባለች።

የጅቡቲው ባቡር ሲመጣ እናርፋለን ብለን ነበር። እ.ኤ.አ. በ2018 መጀመሪያ መደበኛ ሥራ ሲጀምር አንዳንዱ ባለንብረት መኪናውን ሊሸጥ ገዢ ሲያፈላልግ አስታውሳለሁ። ባቡሩ ድርሻውን ይሠራል፤ ነገር ግን አብዛኛው ጭነት ዛሬም በእኛ ጀርባ ነው። ባቡር ሐዲዱ ባለቀበት ይቆማል፤ ደጀንም፣ ጎንደርም፣ ወለጋም ማዳበሪያ የሚያደርሰው ባለ ሃያ ሁለት ጎማው ነው።

አሁንም ያው ወቅቱ መጣ። መርከቡ ደርሷል፣ ማዳበሪያው ወደብ ላይ በ50 ኪሎ ከረጢት እየተሞላ ነው፤ መኪና ሁሉ ቅድሚያ ለሱ ይስጥ ተብሏል። አይከፋኝም፤ ገበሬው እየጠበቀ ነው፣ የምንበላውም እሱ ያመረተውን ነው። ከማኅበሩ ተደውሎ ስሜና የሰሌዳ ቁጥሬ ተመዘገበ። ተሳቢው ሦስተኛው አክስል ላይ በግራ በኩል ብሎን እንደገባበት ተናገርኩ። ጸሐፊዋ ትሑት ልጅ ናት፤ «እሺ ጋሼ፣ ለኃላፊው እነግርልዎታለሁ» አለችኝ። ማታ መልሳ ደወለች። ማዳበሪያው ሰኔ ሳይገባ ደብረ ማርቆስ መድረስ እንዳለበት አሳስበዋል፤ ስለ ፍሬኑ ያሉት ነገር የለም።